ዝምታ የሚነቅዝበት ቦታ

ያገራችን ሰው «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ለሐሜት፣ ለሰፈር ጠብ፣ ለሰው ትዳር ጥሩ ምክር ነው፤ አንከራከርም። አንድ ቦታ ላይ ግን ምክሩ አይሠራም። ድረ ገጽ በሚገጣጠምበት ኮምፒውተር ውስጥ ዝምታ ይነቅዛል፤ ያውም ክፉኛ! ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ዝም ያለው ፕሮግራም አይደለም። በሌላኛው ጫፍ ስልኩን ይዞ፣ የገዛው ጥቅል እየተቆረጠበት፣ ገጹ እስኪከፈትለት የሚጠብቀው ሰው ነው።

የዛሬው ወጋችን ስለ ፎልደር ነው። አዎ፣ ስለ ፎልደር! ፎልደር በሆዱ ፎልደር ይዞ፣ ያም በተራው ሌላ ይዞ... ኮድን በራሱ ጊዜ የሚያሳንሰው ፕሮግራም እዚያ ጥልቀት ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል? ምንስ ሳያደርግ ይወጣል?

«ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ፎልደር ምን አገባችሁ?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባናል። የዛሬ አንባቢ ጽሑፋችንን የሚያነበው ስልክ ላይ ነው። ማተሚያ ቤታችን ይኸው የኮድ መንደር ሆኗል። የማተሚያ ቤቱን ሥራ የማያውቅ ጋዜጠኛ፣ ጽሑፉ ተገልብጦ ሲወጣ ማንን እንደሚጠይቅ እንኳን አያውቅም።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ኮድ የሚያሳንስ ማንኛውም አሠራር ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛ፣ የፎልደሩን ዛፍ እንዳለ መጠበቅ። ሁለተኛ፣ ያልሠራውን ጮኾ መናገር። ከዚህ ያነሰው ሁሉ ድካማችንን አንባቢው ጫንቃ ላይ መጫን ነው እንላለን።

ማሳነስ ምንድን ነው?

ፕሮግራም ጻፊ ኮዱን የሚጽፈው ለሰው ነው። መስመር ይዘልላል፣ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ለነገሮቹ ረዣዥም ስም ያወጣል፣ በየመሀሉም «ይቺን እንዳትነኳት» እያለ ማስታወሻ ያኖራል። ብራውዘሩ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ስለዚህ ገጹ ሰርቨር ላይ ከመጫኑ በፊት ኮዱ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ያልፋል። ክፍት ቦታው ይነሣል፣ ማስታወሻው ይሰረዛል፣ ረጅሙ ስም በአንድ ፊደል ይተካል። ባለሙያዎቹ ሚኒፊኬሽን ይሉታል፤ እኛ ማሳነስ እንበለው። ጋዜጣ ቤት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፦ ጥሩ አርታኢ ማለት ነው። ግማሹን ይቆርጣል፣ ሐሳቡን አይነካም።

ትርፉ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን ጄኩዌሪ የተባለ የኮድ ስብስብ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 3.7.1 የተባለው ስሪት ሳይነካ 285 ኪሎባይት ገደማ ይመዝናል (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሲያንስ 88 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 197 ኪሎባይት ነው፤ ያውም ከአንድ ፋይል ብቻ! 10 ሺህ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቢከፍተው ወደ 2 ጊጋባይት ይጠጋል። ያ 2 ጊጋባይት የማንም አይደለም እንዳትሉ፤ ከ10 ሺህ ሰው ኪስ እየተቆነጠረ የወጣ ነው።

«ሰርቨሩ በጂዚፕ ይጨምቀው የለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ይጨምቀዋል፤ ሁለቱ ግን አይጣሉም፣ ይደጋገፋሉ። ያነሰው ጄኩዌሪ በጂዚፕ ሲጨመቅ ወደ 30 ኪሎባይት ይወርዳል። በዚያ ላይ ጂዚፕ የሚረዳው መንገድ ላይ ነው። ስልኩ ጋ ሲደርስ ጭምቁ ይፈታል፤ ስልኩም የሚያነበው የተፈታውን ሙሉውን ነው። አሮጌ ስልክ የያዘ ሰው ልዩነቱን በጣቱ ያውቀዋል።

የማሳነሻ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ዳግላስ ክሮክፎርድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጄኤስሚን የተባለውን አወጣ። በ2007 የያሁ ዋይዩአይ ኮምፕሬሰር፣ በ2009 የጉግል ክሎዠር ኮምፓይለር፣ በ2010 አግሊፋይ ተከተሉ። በ2020 ደግሞ ኢኤስቢልድ መጣ። መጀመሪያ ላይ ሰው ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየሰጠ ያሳንስ ነበር። እነ ግራንት (2012) እና ጋልፕ (2013) ሲመጡ ግን ሥራው በራሱ የሚሮጥ ሆነ። አንዴ ትእዛዙን ጽፎ መተው ነው። ደስ ይላል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ በራሱ የሚሮጥን ነገር ማንም ቆሞ አያየውምና።

የአባት ስም

አማርኛ ተናጋሪ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ቤተልሔም አለ። አስተማሪው «ቤተልሔም!» ብሎ ቢጣራ ሦስት እጅ ይወጣል። መፍትሔው የአባት ስም ነው፤ ካልሆነም የአያት። ፎልደር ማለት የፋይል የአባት ስም ነው። ፎልደሩን የያዘው ፎልደር ደግሞ የአያት።

ፕሮግራም ጻፊዎች «ኢንዴክስ» የሚባል ፋይል በየፎልደሩ ያስቀምጣሉ። «ዋና» የሚባልም እንዲሁ። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ትክክለኛ አሠራር ነው። ስሙ አጭር የሆነው የአባቱ ስም ከጎኑ ስላለ ነው።

እንበል አንድ ድረ ገጽ በሦስት ቋንቋ ይወጣል። ፎልደሮቹ እንዲህ ተደራጅተዋል፦ ቋንቋ/አማርኛ/መልእክት.ጄኤስ፤ ቋንቋ/ኦሮምኛ/መልእክት.ጄኤስ፤ ቋንቋ/ትግርኛ/መልእክት.ጄኤስ። ሦስት ፋይል፣ አንድ ስም፣ ሦስት አባት። አሁን ማሳነሻው መጣ። ትእዛዙን የጻፈው ሰው ቸኩሏል፤ የተደራረበ ፎልደርም ያደክመዋል። ስለዚህ «ሁሉንም አውጣና አንድ ፎልደር ውስጥ ድፋልኝ» አለው። ግራንት ለዚህ ፍላተን የተባለ ምርጫ አለው፤ ጋልፕም ይህንኑ የሚሠራ ተቀጥላ አለው። የአባት ስም ተነሣ ማለት ነው። ምን ይፈጠራል? በጋልፕ ከሆነ በመጨረሻ የተጻፈው የቀደሙትን ደምስሶ ይቀመጣል። በግራንት ከሆነ ሦስቱ መልእክቶች አንድ ፋይል ውስጥ ይደራረባሉ፤ ሦስቱም በአንድ ስም የተመዘገቡ ከሆነ ብራውዘሩ የመጨረሻውን ሰምቶ የፊተኞቹን ይረሳል።

አንድ ቋንቋ ሁለቱን ዋጠ ማለት ነው! ያውም ያለ ተንኮል፣ ያለ ፖለቲካ፣ በአንዲት ቃል። ፕሮግራሙም «ጨርሻለሁ» ብሎ በአረንጓዴ ይዘጋል። ገጹን የሞከረው ልጅ የተረፈውን ቋንቋ የሚያነብ ከሆነ ምንም ጉድለት አያይም። የሚያየው አንባቢው ነው። አንባቢው ደግሞ «አይ እነዚህ ሰዎች፣ ቋንቋዬን ረሱት» ይላል እንጂ ስለ ፍላተን ምን ያውቃል? የተሰማው ንቀት ግን እውነተኛ ንቀት ነው።

የገጹን መልክ የሚወስኑት የሲኤስኤስ ፋይሎችም ከዚህ አያመልጡም። ብዙ ጊዜ ውስጣቸው «ከዚህ ፎልደር አንድ ደረጃ ወጥተህ ሥዕሉን አምጣ» የሚል አቅጣጫ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት እንደማመላከት ነው። «ከመስጊዱ ወደ ግራ» ሲሏችሁ መነሻችሁ መስጊዱ ነው። ሌላ ቦታ አቁመው ያንኑ «ወደ ግራ» ቢነግሯችሁ ሰው ቤት ትገባላችሁ። ፋይሉን ከፎልደሩ አውጥቶ አቅጣጫውን አለማስተካከልም እንደዚያው ነው።

ኮከቧና ኮከቦቹ

ሁለተኛው ዝምታ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ትእዛዙ ትክክል መስሎ ስለሚታይ።

ለማሳነሻው «የትኞቹን ፋይሎች?» የሚለውን የምንነግረው በኮከብ ምልክት ነው። አንድ ኮከብ (*) ማለት «በዚህ ፎልደር ያለ ማንኛውም ስም» ማለት ነው፤ ወደ ውስጠኛው ፎልደር አይዘልቅም። ሁለት ኮከብ (**) ማለት ደግሞ «የፈለገውን ያህል ጥልቀት ግባ» ማለት ነው። ስለዚህ ምንጭ/**/*.ጄኤስ ብሎ የጻፈ ሰው «ምንጭ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ላይኛውንም ታችኛውንም» ማለቱ ነው።

ነገር ግን ኮከቡን ማን ይተረጉመዋል? ይህ ነው ጥያቄው። እነ ግራንትና ጋልፕ በትክክል ይተረጉሙታል። ትእዛዙ በቀጥታ ለሼሉ ከተሰጠ ግን ነገሩ ይለያል። ባሽ የሚባለው ሼል ሁለት ኮከብን በጥልቀት መተርጎም የጀመረው በ2009 በወጣው 4.0 ስሪቱ ነው፤ ያም ግሎብስታር የሚባለው ምርጫ ሲበራለት ብቻ ነው። ካልተነገረው አያበራውም። ካልበራ ደግሞ ሁለቱን ኮከቦች እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ያ ማለት ከምንጭ ሥር ልክ አንድ ደረጃ የወረዱትን ብቻ ያነሣል። ምንጭ ላይ በቀጥታ የተቀመጠው ቀረ። ሁለትና ሦስት ደረጃ የወረደውም ቀረ። መሀለኛው ብቻ ተሠራ!

ይባስ ብሎ ይህ ነገር ሲሞክሩት አይታይም። ከ2019 ወዲህ የማክ ኮምፒውተሮች በነባሪ የሚከፍቱት ዜድሼል የተባለውን ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት ኮከብ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ይገባዋል። ልጁ ትእዛዙን በእጁ ሞከረ፣ ሠራለት፣ ደስ አለው። ከዚያ ያንኑ ቃል በቃል ኤንፒኤም በሚያስኬደው ስክሪፕት ውስጥ ጻፈው። ኤንፒኤም ግን በማክም በሊኑክስም ትእዛዙን የሚሰጠው ኤስኤች ለሚባለው ሼል ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት አስተርጓሚ፣ ሁለት ትርጉም።

መድኃኒቱ ሁለት የጥቅስ ምልክት ነው። የኮከቡን ቃል በጥቅስ ውስጥ ብታስገቡት ሼሉ አይነካውም፤ ኮከብ መተርጎም የሚያውቅ ማሳነሻ ከሆነ እሱ በራሱ ይተረጉመዋል። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ፋይንድ የተባለው አሮጌ የዩኒክስ ትእዛዝ አለ፤ የዛፉን ሥር እስኪነካ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሳንጠቅስ የማናልፈው የጋልፕ ጠባይ አለ። አንድን ፋይል በስሙ ጠርታችሁ ካጣው ስህተት ብሎ ይቆማል። በኮከብ የጠራችሁት ቡድን ባዶ ሲሆን ግን ምንም ሳይል ያልፋል። ምንም አላገኘም፣ ምንም አልሠራም፣ ግን ጨርሷል! ዝምታ ይነቅዛል ያልነው ይህንን ነው።

ያልተጠየቀ ብልሃት

አዲሶቹ መሣሪያዎች ከዚህ ነፃ ናቸው? ሙሉ በሙሉ አይደሉም። ኢኤስቢልድ እጅግ ፈጣን ነው፤ እናደንቀዋለን። ብዙ ፋይሎች ስትሰጡት ግን መነሻ ፎልደሩን ካልነገራችሁት በራሱ ይገምታል። የሁሉም የጋራ አባት የሆነውን የመጨረሻ ፎልደር ይፈልግና ከዚያ በታች ያለውን ዛፍ ብቻ ይጠብቃል። ዛሬ ያሉት ፋይሎች በሙሉ ምንጭ/ዜና ውስጥ ከሆኑ «ዜና» የሚለው ፎልደር ከውጤቱ ይጠፋል። ነገ አንዲት ፋይል ምንጭ/ስፖርት ውስጥ ብትጨምሩ የጋራ አባቱ ይለወጣል፤ «ዜና» ተመልሶ ይመጣል። ስፖርት ጨመራችሁ፣ የዜናው አድራሻ ተለወጠ! መፍትሔው አውትቤዝ የተባለውን ምርጫ በግልጽ መጻፍ ነው፤ «አባትህ እገሌ ነው» ብሎ መንገር። ጋልፕም ቤዝ የሚል ተመሳሳይ ምርጫ አለው።

በዚያው በቋንቋ ፎልደራችን ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል፤ «ሰላም» 9 ባይት ነው። ኢኤስቢልድ ግን ካልተነገረው በቀር እንግሊዝኛ ያልሆነውን ፊደል ሁሉ በቁጥር ምልክት ይተካዋል። ያ ምልክት ለአንድ ፊደል 6 ባይት ነው። «ሰላም» 18 ባይት ሆነ። ሊያሳንስ የገባው ፕሮግራም አማርኛውን እጥፍ አድርጎት ወጣ! ቻርሴት በሚለው ምርጫ ዩቲኤፍ-8 ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ግን ማን ያስታውሰዋል? የእንግሊዝኛው ፎልደር አንሶ ሲታይ ሁሉም ያነሰ ይመስላል። ጥልቅ ፎልደር ውስጥ ያለውን ማንም ከፍቶ አያየውም።

«ዘመኑ አልፎበታል» ለሚሉን

ወዳጆቻችን ፕሮግራም ጻፊዎች አንድ ጥሩ ክርክር አላቸው። «አሁንማ ማን ፎልደር ለፎልደር ይዞራል? ባንድለር አለ። ከአንድ ፋይል ይነሣል፣ እሱ የሚጠራውን ይከተላል፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ አሳንሶ ያወጣል» ይላሉ። እውነት ነው። ገጹ ከአንድ በር የሚገባበት ከሆነ ይህ የተሻለ መንገድ ነው፤ ከእኛም ተቃውሞ የለውም።

ሁሉም ቤት ግን አንድ በር የለውም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኮድ ያለው ገጽ፣ የዎርድፕረስ ቴምፕሌት፣ ከዓመታት በፊት ተሠርቶ እስከ ዛሬ የሚያገለግል ድረ ገጽ... እነዚህ ዛሬም ፎልደር ለፎልደር ይዞራሉ። የእኛ አንባቢ የሚከፍታቸው ገጾች ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።

ደግሞ ችግሩ የጃቫስክሪፕት ፈጠራ አይደለም። ሜክ የተባለውን የፕሮግራም መገጣጠሚያ ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብስ የሠራው በ1976 ነው። ሰዎች እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ የየራሱን ሜክ እያስቀመጡ ከላይ ወደ ታች ይጠሩት ነበር። ፒተር ሚለር በ1998 በታተመ ጽሑፉ ይህን ልማድ ክፉኛ ተቸው። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ሜክ የሚያየው የራሱን ጓዳ ብቻ ስለሆነ ሙሉውን ቤት የሚያይ የለም፤ ስለዚህ መሠራት ያለበት ሳይሠራ ይቀራል፣ የማያስፈልገው ይደገማል፣ ቅደም ተከተሉም ይዛባል። መሣሪያው ተቀየረ፤ ትምህርቱ ያው ነው። ዛፉን የሚያስተናግድ ሰው ዛፉን በሙሉ ማየት አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ከመፍሰሱ በፊት እንዲታሰብ ብቻ ነው።

ምንጩና ውጤቱ ይለያዩ። ያነሰው ፋይል ከምንጩ ጎን ከተቀመጠ በሚቀጥለው ዙር ማሳነሻው እሱንም እንደ ምንጭ አንሥቶ ዋና.ሚን.ሚን.ጄኤስ የሚባል ፍጡር ይወልዳል። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው፤ ኮድ ግን ቶና የለውም። አንዴ ካነሰ በቃው። ከውጭ ያመጣናቸው ኮዶች የሚቀመጡበት ኖድ ሞጁልስ የተባለው ፎልደርም ከዙሩ ይውጣ።

ዛፉ ይጠበቅ። ምንጭ ውስጥ ሦስት ደረጃ የወረደ ፋይል ውጤቱም ውስጥ ሦስት ደረጃ ይውረድ። መነሻውም በግምት ሳይሆን በጽሑፍ ይነገር።

ይቆጠር! ከሁሉም በላይ ይህ። ምንጭ ውስጥ 47 ፋይል ካለና ውጤቱ ውስጥ 45 ከወጣ ሥራው ይቁም፤ በቀይ ይጻፍ፤ ገጹም አይጫን። አምስት መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ሠርግ ላይ እንኳን ሳህን ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው አለ፤ ለአንባቢ የሚሄድ ፋይል የሚቆጥር እንዴት ይጠፋል?

በመጨረሻም ገጹ በሁሉም ቋንቋ ይከፈትና ይታይ፤ የሚያየውም ያንን ቋንቋ የሚያነብ ሰው ይሁን።

ይህ ሁሉ የባለሙያ ጣጣ መስሎ እንዳይታለፍ እንፈራለን። ድረ ገጽ የሚያሠራ ባለቤት ስለ ቀለሙና ስለ አርማው ሦስት ጊዜ ስብሰባ ይጠራል። «ስንት ፋይል ገባ፣ ስንት ወጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየንም። ይህን ለመጠየቅ ኮድ ማወቅ አያስፈልግም፤ መቁጠር መቻል ይበቃል። ጥያቄው የተለመደ ቀን ትእዛዝ የሚጽፈው ልጅም ኮከቡን ደግሞ ያየዋል።

እናንተም ኮድ የምትጽፉ እኩዮቻችን፣ ፎልደሩን በሥርዓት ስታደራጁ የዋላችሁበትን ልፋት በአንዲት ፍላተን አታፍርሱት። ፕሮግራሙ «ጨረስኩ» ሲላችሁም ወዲያው አትመኑት፤ «ስንቱን?» በሉት።

ቸር እንሰንብት።